ቀበቶው ስለታጠቀው ሰው ምን ያህል ይመሰክራል? የቦክስ ሻምፒዮንነትን መመርመሪያ መንገድ

አንድ ቦክሰኛ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ በተነገረ ቁጥር በሚዛኑ ከእሱ የሚበልጥ ሰው እንደሌለ አድርጎ መቀበል የተለመደ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። በአንድ ሚዛን በአንድ ጊዜ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጡ የዓለም ሻምፒዮኖች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሁሉም የሚበልጡ ሊሆኑ እንደማይችሉ ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ የስፖርቱ ወዳጆች ከምሬት የተነሣ «ቀበቶ የነጋዴ ጌጥ ነው፤ ምንም አያሳይም» ሲሉ ይሰማሉ፤ ይህም ውሃ የሚቋጥር አነጋገር አይደለም፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ታላላቅ ቦክሰኞች ታላቅነታቸውን ያስመሰከሩት ቀበቶ ለማግኘት ወይም ለመጠበቅ በተደረጉ ግጥሚያዎች ላይ ነው። ቀበቶ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ እንደመሆኑም መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብበት ይገባል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹ የትኞቹ እንደሆኑና ለመልሶቻቸው ምን ያህል ክብደት መስጠት እንደሚገባ ያሳያል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ታሪኩ በሰፊው ከሚታወቀው ከከባድ ሚዛን የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የማን ሻምፒዮን?

የመጀመሪያው ሥራ ቀበቶውን በስሙ መለየት ነው። ፕሮፌሽናል ቦክስ እንደ እግር ኳስ አንድ የበላይ አካል የለውም። ዋና ዋና የሚባሉት ቀበቶ ሰጪ ድርጅቶች አራት ናቸው፤ እነሱም ሥሩ እስከ 1921 የሚደርሰውና በ1962 የአሁኑን ስሙን የያዘው ደብሊው ቢ ኤ፣ በ1963 በሜክሲኮ ሲቲ የተመሠረተው ደብሊው ቢ ሲ፣ በ1983 ብቅ ያለው አይ ቢ ኤፍ እና በ1988 በፖርቶ ሪኮ የተቋቋመው ደብሊው ቢ ኦ ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደንብ፣ የራሳቸው የደረጃ ሰንጠረዥና የራሳቸው ቀበቶ አላቸው። 17ቱን የሚዛን ክፍሎች በአራት ሲያባዙ 68 የዓለም ሻምፒዮን ይመጣል፤ ደብሊው ቢ ሲ በ2020 ከከባድ ሚዛን በታች አንድ ተጨማሪ ሚዛን ስለፈጠረ ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል።

ቁጥሩ በዚህ ቢቆም መልካም ነበር። ድርጅቶቹ በአንድ ሚዛን ውስጥ «ጊዜያዊ» ሻምፒዮን ይሾማሉ፤ ደብሊው ቢ ኤ ደግሞ «ሱፐር» እና «መደበኛ» የሚባሉ ሁለት ሻምፒዮኖችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ኖሯል። ስለዚህ ዜናው «የደብሊው ቢ ኤ ሻምፒዮን» ብቻ ካለ የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ አይለፉ። በኦገስት 2023 ኦሌክሳንደር ኡሲክና ዳንኤል ዱብዋ ፖላንድ ውስጥ በቭሮጽዋፍ ከተማ ሲጋጠሙ ኡሲክ የድርጅቱ ሱፐር፣ ዱብዋ ደግሞ መደበኛ ሻምፒዮን ነበሩ፤ ማለትም አንድ ድርጅት በአንድ ሚዛን ሁለት ሰዎችን የዓለም ሻምፒዮን ብሎ አንዱን የሌላው ተፎካካሪ አድርጎ አቅርቧል። ኡሲክ በዘጠነኛው ዙር ጨረሰው።

የቀበቶው ብዛት ከየት እንደመጣ መረዳት ከባድ አይደለም። ድርጅቶቹ የሚተዳደሩት በሻምፒዮና ግጥሚያ ከቦክሰኞቹ ክፍያ ላይ በሚቆርጡት መቶኛ ነው፤ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ቀበቶ ማለት አንድ ተጨማሪ ገቢ ማለት ነው። ማን ለቀበቶ እንደሚጋጠም የሚወስነው የደረጃ ሰንጠረዥም ቢሆን እንደ ቅዱስ ቃል ሊታይ አይገባውም። ዳሪን ሞሪስ የተባለው ቦክሰኛ በ2000 ከሞተ በኋላ በደብሊው ቢ ኦ ሰንጠረዥ ላይ ከሰባተኛ ተነሥቶ አምስተኛ ደረጃ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ከፍ ብሏል። የአይ ቢ ኤፍ መሥራች ሮበርት ሊ ደግሞ ከፕሮሞተሮች (ግጥሚያ ከሚያዘጋጁ ነጋዴዎች) ጉቦ እየተቀበለ ደረጃ ያዛባል ተብሎ በ1999 ተከሶ፣ ፍርድ ቤቱ ከአብዛኞቹ ክሶች ነጻ ቢያደርገውም ከገንዘብና ከግብር ጋር በተያያዙ ክሶች ጥፋተኛ ሆኖ ታስሯል። እነዚህን ያነሣሁት ሁሉም ቀበቶ የተበላሸ ነው ለማለት አይደለም፤ አንደኛ ተፎካካሪ የተባለው ሰው እውነትም አንደኛ መሆኑን ለማወቅ ሰንጠረዡን ሳይሆን ያሸነፋቸውን ሰዎች ማየት እንደሚሻል ለማመልከት ነው።

በድብልቅ ማርሻል አርት ያለው ሁኔታ ለየት ይላል። በዚያ ስፖርት ትልቁ ቀበቶ የዩ ኤፍ ሲ ሲሆን፣ ዩ ኤፍ ሲ ደግሞ ግጥሚያውን የሚያዘጋጀው ኩባንያ ራሱ ነው። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ምርጥ ተፋላሚዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ፤ ነገር ግን ከኩባንያው ጋር ያልተስማማ ሰው ከቀበቶው ጋር አብሮ አይዘልቅም። ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ በጃንዋሪ 2022 ሲሪል ጋንን አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን ካስጠበቀ በኋላ በዓመቱ በውል ሳይስማማ ኩባንያውን ለቀቀ። ክፍት ለሆነው ቀበቶ በማርች 2023 የተጋጠሙት ጆን ጆንስና ራሱ ጋን ነበሩ፤ ጆንስም በመጀመሪያው ዙር አንቆ አሸነፈ። ጆንስ በስፖርቱ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ቢሆንም ያ ቀበቶ እሱ ከንጋኑ እንደሚበልጥ የሚያሳየው አንዳች ነገር የለም፤ ሁለቱ አልተጋጠሙምና።

ቀበቶው በምን መንገድ እጁ ገባ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ የሚገልጠው ይህ ስለሆነ ጊዜ ሰጥተው ይመርምሩት። ቀበቶ በሦስት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ሻምፒዮኑን ራሱን ሪንግ ውስጥ አሸንፎ መውሰድ ነው። ሁለተኛው፣ ሻምፒዮኑ በጡረታ፣ በጉዳት ወይም በቅጣት ሲለቅ ሁለት ተፎካካሪዎች ለክፍቱ ቀበቶ ተጋጥመው አንደኛው ሲያሸንፍ ነው። ሦስተኛው አንድም ቡጢ ሳይሰነዘር በጽሕፈት ቤት ውሳኔ መሾም ነው።

ለሦስተኛው መንገድ በ1978 የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው። በፌብሩዋሪ ወር ሊዮን ስፒንክስ በላስ ቬጋስ ሙሐመድ አሊን በነጥብ አሸነፈ፤ በፕሮፌሽናልነት ሲጋጠም ገና ስምንተኛው ነበር። ደብሊው ቢ ሲ አዲሱ ሻምፒዮን ከኬን ኖርተን ጋር እንዲጋጠም ቢያዝም፣ ስፒንክስ ዳጎስ ያለ ክፍያ ያለውን የአሊን የመልስ ግጥሚያ መረጠ። ድርጅቱም ቀበቶውን ነጥቆ ለኖርተን ሰጠው፤ ለሹመቱ ምክንያት ያደረገው ኖርተን በ1977 መጨረሻ ጂሚ ያንግን ማሸነፉን ነው። ኖርተን ቀበቶውን ለማስጠበቅ በወጣበት በመጀመሪያው ግጥሚያ ከላሪ ሆምስ ጋር 15 ዙር ሙሉ ተናንቆ፣ ሦስቱም ዳኞች በአንድ ነጥብ ልዩነት 143 ለ142 በጻፉበት፣ ሁለቱ ለሆምስ አንዱ ለኖርተን በሰጡበት ውጤት ተሸነፈ። ከዚያ በፊት በ1974 በጆርጅ ፎርማን፣ በ1976 በአሊ የሻምፒዮና ግጥሚያ ተሸንፎ ስለነበር፣ ኖርተን አንድም የሻምፒዮና ግጥሚያ ሳያሸንፍ የዓለም ሻምፒዮን ተብሎ ተመዝግቦ ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቶ ኖርተንን ማጣጣል ቀላል ነው። ነገር ግን ኖርተን በ1973 በሳንዲያጎ የአሊን መንጋጋ ሰብሮ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ስፒንክስ ደግሞ ሻምፒዮንነቱን ሪንግ ውስጥ ከአሊ እጅ ቢወስድም፣ የቀረውን የደብሊው ቢ ኤ ቀበቶ በሰባት ወሩ በኒው ኦርሊንስ ለአሊ መልሶ አስረክቧል፤ ከዚያ በኋላም የከባድ ሚዛን ቀበቶ ተመልሶ አልታጠቀም። በወረቀት ሻምፒዮን የሆነው ኖርተን በቡጢ ሻምፒዮን ከሆነው ስፒንክስ የተሻለ ቦክሰኛ ነበር ለማለት እኔ በበኩሌ አላመነታም።

የሌኖክስ ሉዊስ ታሪክም ወደዚሁ ያመራል። ሪዲክ ቦዊ በኖቬምበር 1992 ኢቫንደር ሆሊፊልድን አሸንፎ የሦስቱን ድርጅቶች ቀበቶ ጠቀለለ፤ በቀጣዩ ወር ግን ለንደን ውስጥ በጋዜጠኞች ፊት የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረው። ከሉዊስ ጋር መጋጠም ግዴታው ነበር፤ ሉዊስ ደግሞ በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ፍጻሜ ቦዊን በሁለተኛው ዙር ያስቆመ ሰው ነው። ቀበቶው ለሉዊስ ያለ ግጥሚያ ተሰጠው። በጊዜው «የወረቀት ሻምፒዮን» ተብሎ ብዙ ተላግጦበታል፤ ከዓመታት በኋላ የዘመኑ ምርጥ ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ተብሎ የተከበረው ግን እሱ ነው። ስለዚህ በሹመት የተገኘ ቀበቶ ሲገጥምዎ ለሰውየውም በሰውየውም ላይ አይቁጠሩት፤ ዜሮ ሰጥተውት ወደ ሌሎቹ ጥያቄዎች ይለፉ።

ለክፍት ቀበቶ የሚደረገው ግጥሚያ መካከለኛ ክብደት ያለው ሲሆን፣ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ በተጋጣሚው ማንነትና በአጨራረሱ ላይ ይንጠለጠላል። ታይሰን ፉሪ በኖቬምበር 2015 በዱሰልዶርፍ ከ2004 ወዲህ ያልተሸነፈውን ቭላድሚር ክሊችኮን በነጥብ ረታ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው አይ ቢ ኤፍ ቀበቶውን ነጠቀው፤ ፉሪ ለክሊችኮ የመልስ ግጥሚያ በውል ስለታሰረ የድርጅቱን የግዴታ ተፎካካሪ ቪያቼስላቭ ግላዝኮቭን መግጠም አልቻለም ነበር። በጃንዋሪ 2016 ግላዝኮቭና ቻርልስ ማርቲን በብሩክሊን ለክፍቱ ቀበቶ ተጋጠሙ። በሦስተኛው ዙር ግላዝኮቭ እግሩ ከድቶት ጉልበቱ ዞረ፤ መቀጠልም አልቻለም። ማርቲን ወሳኝ የሚባል ቡጢ ሳያሳርፍ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ሦስት ወር ሳይሞላም በለንደን አንቶኒ ጆሽዋ በሁለተኛው ዙር ዘርሮ ቀበቶውን ወሰደበት። የጆሽዋ የመጀመሪያ የዓለም ቀበቶ ይህ ነው። ጆሽዋ «ሻምፒዮኑን አሸንፎ» ቀበቶ ወሰደ የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም፣ የተሸነፈው ሻምፒዮን ቀበቶውን ያገኘው ከአንድ ሰው የጉልበት ጅማት መሆኑን ካልጨመሩበት ያሳስታል።

የባለቤትነቱን ሐረግ ወደኋላ መከተል

ቤት የሚገዛ ጠንቃቃ ሰው ካርታውን ብቻ ዐይቶ ገንዘብ አይቆጥርም፤ ሻጩ ከማን እንደገዛው፣ ያም ሰው ከማን እንዳገኘው እስኪጣራ ድረስ ወደኋላ ይሄዳል። ቀበቶም እንዲሁ ይመረመራል። ሻምፒዮኑን ያሸነፈው ሰው ማን ነው? እሱንስ ማን አሸነፈው? ቀበቶዎቹ በየጽሕፈት ቤቱ ሲነጠቁና ሲታደሉ፣ ይህ ሐረግ የሚቋረጠው ባለቤቱ ሳይሸነፍ ሲሰናበት ብቻ ነው። ፉሪ በ2015 መጨረሻና በ2016 ውስጥ የክሊችኮን ቀበቶዎች በንጥቂያና በመልቀቅ ሁሉንም ሲያጣ በሪንግ ያሸነፈው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ እስከ 2018 ድረስ ከቦክስ ርቆ በነበረበት ጊዜ እንኳ ብዙዎች እውነተኛው ሻምፒዮን እሱ ነው ሲሉ የተከራከሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሐረጉን የሚያመልኩ ሰዎች ግን ከ1994 እስከ 1998 የሆነውን ቢያስታውሱ መልካም ነው። በኖቬምበር 1994 የ45 ዓመቱ ጆርጅ ፎርማን በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ሲመራ የነበረውን ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ዘረረው፤ ሙረር ደግሞ በዚያው ዓመት ሆሊፊልድን ያሸነፈ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ሐረጉ ንጹሕ ነው። ይሁን እንጂ ፎርማን በዚያ ዕድሜው ከሉዊስ፣ ከቦዊ ወይም ከሆሊፊልድ ይበልጥ ነበር የሚል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በ1997 ፎርማን ብዙ ተመልካች አሸንፏል ባለው ግጥሚያ በዳኞች ውሳኔ በሻነን ብሪግስ ተሸነፈ፤ ሉዊስም በማርች 1998 ብሪግስን አስቁሞ ሐረጉን ወሰደ። ለሦስት ዓመት ከምናምን የሐረጉ ባለቤት አንድ ቦታ፣ የሚዛኑ ምርጦች ሌላ ቦታ ነበሩ። ሐረግ የሚጠቅመው የቀበቶውን አመጣጥ ለማጣራት እንጂ ምርጡን ለመሾም አይደለም።

ውጤቱ እንዴት ተጻፈ?

ሻምፒዮንነት በሦስት ሰዎች ብዕር የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ዙር የበለጠው 10፣ ያነሰው 9 ያገኛል፤ የወደቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 8 ይሰጠዋል። በ12 ዙር ግጥሚያ 115 ለ113 የሚል ወረቀት ማለት ሰባት ዙር ለአምስት ማለት ነው፤ ከሰባቱ አንዱ ወደ ሌላው ቢዞር 114 ለ114 አቻ ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ነጥብ የተገኘ ቀበቶ ሲያጋጥምዎ ግጥሚያውን አግኝተው የተንታኞቹን ድምፅ አጥፍተው ይመልከቱት፤ በየዙሩ መጨረሻ የራስዎን ነጥብ ይጻፉ፤ ከነጥቡ አጠገብም ዙሩ ግልጽ ይሁን አጠራጣሪ ምልክት ያድርጉ። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ አጠራጣሪ ከሆኑ ያ ውጤት የሁለቱን ሰዎች መቀራረብ እንጂ የአንዱን ብልጫ አያሳይም።

ዳኛ ጨርሶ የሚስትበትም ጊዜ አለ። በማርች 1999 ሉዊስና ሆሊፊልድ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሦስቱን ቀበቶዎች ለመጠቅለል ተጋጠሙ። የቡጢ ቆጣሪዎች መዝገብ እንደሚያሳየው ሉዊስ 348 ቡጢ ሲያሳርፍ ሆሊፊልድ ያሳረፈው 130 ነው። ከዳኞቹ አንዱ 116 ለ113 ለሉዊስ፣ ሁለተኛው 115 ለ115፣ ሦስተኛዋ 115 ለ113 ለሆሊፊልድ ጻፉ፤ ግጥሚያውም አቻ ተባለ። ሦስተኛዋ ዳኛ ሉዊስ ሆሊፊልድን ገመድ ላይ አስጠግቶ የደበደበበትን አምስተኛውን ዙር ሳይቀር ለሆሊፊልድ ሰጥታ ነበር። በዚያ ምሽት ሆሊፊልድ ሁለቱን ቀበቶዎቹን ታጥቆ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ግጥሚያውን ላየ ሰው ግን ማን እንደበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም። በኖቬምበር በተደረገው የመልስ ግጥሚያ ሉዊስ በሦስቱም ዳኞች አሸነፈ፤ የሚገርመው ሁለተኛው ግጥሚያ ከመጀመሪያው ይልቅ የተቀራረበ መሆኑ ነው።

በተቃራኒው በዝረራ የተገኘ ድልም ራሱን የቻለ ጥርጣሬ አለው፤ ከባድ ሚዛን ላይ አንድ ቡጢ የዓመታትን ልዩነት ሊያጠፋ ይችላልና። በኤፕሪል 2001 ሃሲም ራህማን ሉዊስን በአምስተኛው ዙር ዘረረው። ግጥሚያው የተደረገው በደቡብ አፍሪካ ብራክፓን ሲሆን፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሉዊስ ዘግይቶ ገብቶ ለከፍታው በቂ ጊዜ አልሰጠም ነበር፤ ከፍታ ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በኖቬምበር ሉዊስ በአራተኛው ዙር ዘርሮ ቀበቶውን አስመለሰ። ለሰባት ወር ሻምፒዮን የነበረው ራህማን ነው፤ በእነዚያ ሰባት ወራት የበለጠው ቦክሰኛ ራህማን ነበር ብሎ ለመደምደም ግን አንድ ምሽት አይበቃም። በመርሕ ደረጃ የመልስ ግጥሚያ ካለ የሁለቱን ድምር እንጂ የአንዱን ውጤት ብቻ አይውሰዱ።

ያልተገጠሙት እነማን ናቸው?

የሻምፒዮኑን መዝገብ ሲያነቡ ያሸነፋቸውን ስሞች ብቻ አይቁጠሩ፤ በዚያው ዘመን ኖረው መዝገቡ ላይ የሌሉትን ጭምር ይፈልጉ። በዚህ ረገድ የከባድ ሚዛን ታሪክ የሚያሳፍር ምዕራፍ አለው። ጃክ ጆንሰን በ1908 በሲድኒ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን እስኪሆን ድረስ ነጮቹ ሻምፒዮኖች ጥቁር ተፎካካሪን አንገጥምም እያሉ ቀበቶውን ይዘው ኖረዋል። ከዚያም ራሱ ጆንሰን ቀበቶውን እንደያዘ በዘመኑ አስፈሪ የነበረውን፣ በ1906 በ15 ዙር ያሸነፈውን ሳም ላንግፎርድን እንደገና ሊገጥመው አልፈለገም፤ ነጭ ተፎካካሪዎች የተሻለ ገንዘብ ያመጡ ነበርና። ከ1919 እስከ 1926 ሻምፒዮን የነበረው ጃክ ደምፕሲ ደግሞ ሃሪ ዊልስን ሳይገጥም ዘመኑ አለቀ፤ ለዚህም ከደምፕሲ ይልቅ የፕሮሞተሮቹና የባለሥልጣናቱ ፍርሃት ተጠያቂ ነው ይባላል። ላንግፎርድም ዊልስም የዓለም ሻምፒዮን ሳይባሉ አለፉ። ቀበቶ ያልታጠቀ ሰው ሁሉ ያልበቃ ሰው አይደለም።

በአሁኑ ዘመን እንቅፋቱ የቆዳ ቀለም ሳይሆን ውልና የቴሌቪዥን መብት ነው። ፉሪና ጆሽዋ በ2021 አራቱን ቀበቶዎች ይዘው ሊጋጠሙ ከጫፍ ደርሰው ሳለ፣ አንድ የግልግል ዳኛ ፉሪ ለዲዮንቴ ዋይልደር ሦስተኛ ግጥሚያ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ወሰነ፤ ነገሩም ፈረሰ። ስለዚህ አንድ ሰው አልገጠመም ማለት ፈርቷል ማለት እንዳልሆነ እያስታወሱ፣ ማን እንዳገደው ለይተው ይጻፉ። ሻምፒዮኑ ራሱ ቀበቶውን ጥሎ ከሸሸ አንድ ነገር ነው፤ ነጋዴዎቹ ሳይስማሙ ቀርተው ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

«እሱን ያሸነፈውን አሸንፏል» የሚለው ስሌት

በዚህ ስሌት አይታለሉ። ጆ ፍሬዘር በ1971 አሊን አሸነፈ፤ ኖርተንም በ1973 አሊን አሸነፈ። ጆርጅ ፎርማን በጃንዋሪ 1973 በኪንግስተን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጥሎ ጨረሰው፤ በማርች 1974 ደግሞ ኖርተንን በካራካስ እንዲሁ በሁለተኛው ዙር አስቆመው። ስሌቱ የሚያሠራ ቢሆን ኖሮ በኦክቶበር 1974 በኪንሻሳ አሊ ፎርማን ፊት መቆምም አይችልም ነበር፤ አሊ በስምንተኛው ዙር ዘረረው። ቦክስ የአቋም፣ የክንድ ርዝመትና የአመታት ልማድ ጉዳይ ነው፤ የኖርተን ያልተለመደ የእጅ አያያዝ አሊን ዕድሜ ልኩን አስቸግሮታል፤ ወደፊት እየገፋ የሚመጣውን ፍሬዘርን ለፎርማን የቀኝ ጡጫ ያጋለጠውም ያው ወደፊት መግፋቱ ነው። ቅርብ ጊዜም ንጋኑ በኦክቶበር 2023 በመጀመሪያ የቦክስ ግጥሚያው የደብሊው ቢ ሲ ሻምፒዮን የነበረውን ፉሪን ጥሎ በጠባብ ነጥብ ሲሸነፍ፣ ከአራት ወር ያህል በኋላ ጆሽዋ በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ከዚህ ተነሥቶ ጆሽዋ ከፉሪ ይበልጣል የሚል ሰው ካለ የኪንሻሳውን ምሽት ያስታውሱት።

በአንድ ዘመን ላይ መለማመድ

አሁን አንድ ወረቀት ይውሰዱና ከ2015 እስከ 2025 ያለውን የከባድ ሚዛን ታሪክ በዓምድ ይክፈሉት፤ አንዱ ዓምድ ቀኑን፣ ሁለተኛው ቀበቶውን የያዘውን፣ ሦስተኛው ያገኘበትን መንገድ፣ አራተኛው የተሸነፈውን ሰው ደረጃና የዕለቱን ይዞታ፣ አምስተኛው በዚያን ቀን ያልተገጠመውን ከባድ ተፎካካሪ ይያዝ።

በኤፕሪል 2016 መስመር ላይ ጆሽዋ የአይ ቢ ኤፍ ሻምፒዮን ነው፤ አራተኛው ዓምድ ላይ ያለው ስም ግን ቻርልስ ማርቲን ነው፤ አምስተኛው ላይ ፉሪ፣ ክሊችኮና ዋይልደር አሉ። የጆሽዋ መስመር የሚከብደው በኤፕሪል 2017 በዌምብሊ ክሊችኮን በ11ኛው ዙር ሲያስቆም ነው፤ ያም ቢሆን ክሊችኮ 41 ዓመቱ መሆኑና ከዚያ በፊት በፉሪ መሸነፉ ከጎኑ ይጻፍ። በጁን 2019 አንዲ ሩይዝ ሌላ ተጋጣሚ በአበረታች ዕፅ ምርመራ ስለወደቀ በመጨረሻ ሰዓት ተተክቶ ጆሽዋን አራት ጊዜ ጣለውና ሦስት ቀበቶ ወሰደ። በዲሴምበር በሳዑዲ ዓረቢያ ዲሪያ ለመልሱ ሲመጣ ሰባት ኪሎ ያህል ጨምሮ ነበር፤ በሦስቱም ዳኞች ተሸነፈ። የሩይዝን ስድስት ወር በራህማን ሰባት ወር አጠገብ ሊያስቀምጡት ይችላሉ።

ከ2021 በኋላ ዓምዶቹ መስማማት ይጀምራሉ። ከከባድ ሚዛን በታች ባለው በክሩዘር ሚዛን አራቱን ቀበቶ ጠቅልሎ የመጣው ኡሲክ በሴፕቴምበር 2021 ጆሽዋን በነጥብ አሸነፈ፤ በኦገስት 2022 በጅዳ ደገመው። በሜይ 2024 በሪያድ ከፉሪ ጋር ሲጋጠም አራቱም ቀበቶዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የከባድ ሚዛን ግጥሚያ ላይ ቀረቡ፤ ዳኞቹ 115 ለ112 እና 114 ለ113 ለኡሲክ፣ 114 ለ113 ለፉሪ ጻፉ። ይህን ውጤት ጠጋ ብለው ይዩት። በዘጠነኛው ዙር ፉሪ ገመዱ ይዞት እንደ ወደቀ ተቆጥሮበታል፤ ያ ቆጠራ ባይኖርና ኡሲክ ዙሩን በ10 ለ9 ብቻ ቢያሸንፍ ኖሮ አንዱ ወረቀት ለኡሲክ፣ አንዱ ለፉሪ፣ አንዱ አቻ ሆኖ ግጥሚያው በአቻ ይጠናቀቅ ነበር። ከሜይ 2024ቱ ምሽት ብቻ ተነሥቶ ኡሲክ ያለ ጥርጥር ይበልጣል ማለት ያስቸግር ነበር። በዲሴምበር ግን ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ሲጽፉለት ጥርጣሬው ተገፈፈ።

በእነዚህ በሁለቱ ግጥሚያዎች መካከል የሆነው የዚህ መልመጃ ዋና ፍሬ ነው። ኡሲክ ለፉሪ የመልስ ግጥሚያ ሲዘጋጅ በጁን 2024 የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ ለቀቀ፤ ድርጅቱም ጊዜያዊ ሻምፒዮኑን ዱብዋን ሙሉ ሻምፒዮን አደረገው። ዱብዋ በሴፕቴምበር በዌምብሊ ጆሽዋን በአምስተኛው ዙር ዘርሮ ሹመቱ ክብደት እንዲያገኝ አደረገ። በሰንጠረዡ ላይ ግን ሻምፒዮኑ ዱብዋ ከመሾሙ በፊት አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በኡሲክ የተሸነፈ ሰው ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ሁለቱም «የዓለም ሻምፒዮን» ተብለው ሲጠሩ፣ ሦስተኛውን ዓምድ የሞላ አንባቢ ለማን እንደሚያዳላ አይጠፋውም ነበር። በጁላይ 2025 በዌምብሊ እንደገና ሲገናኙ ኡሲክ በአምስተኛው ዙር ዘረረው።

አምስተኛው ዓምድ ግን አሁንም ባዶ አይደለም። ከኡሲክ መስመር አጠገብ ዋይልደርን ከባድ በነበረበት ዘመን አለመግጠሙ፣ ፉሪም ሲጋጠመው 35 ዓመት አልፎትና ከዋይልደር ጋር ባደረጋቸው ሦስት ግጥሚያዎች ተጎድቶ መምጣቱ ይጻፍ። እኔ እነዚህን መዝኜ ኡሲክን የዚያ ዘመን ምርጥ እለዋለሁ፤ ድምዳሜውን የምመሠርተው ግን አራት ቀበቶ በመታጠቁ ላይ ሳይሆን ጆሽዋን፣ ፉሪንና ዱብዋን እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ በማሸነፉ ላይ ነው።